መዞሪያው የት ነው? የብሪታንያ ጠባብ ቦዮችና የጀልባ ተጓዦቻቸው

በብሪታንያ ጠባብ የውኃ ቦዮች ላይ ጀልባ ተከራይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጓዝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳስበው ሞተሩ፣ መሪውና ውኃ ውስጥ የመውደቅ አደጋው ነው፡፡ ልምድ ያላቸው ተጓዦች ግን ካርታቸውን ሲዘረጉ ከሁሉም አስቀድመው ሁለት ነገሮችን ይፈልጋሉ፡፡ አንደኛው ጀልባን አዙሮ ወደመጡበት ለመመለስ የሚያስችል ሰፋ ያለ ቦታ ነው፡፡ ሁለተኛው ደግሞ ንፁህ ውኃ የሚቀዳበት፣ ቆሻሻ የሚጣልበትና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ የሚደፋበት የአገልግሎት ጣቢያ ነው፡፡

ምክንያቱ ቀላል ስሌት ነው፡፡ በእነዚህ ቦዮች ላይ የሚሄደው ጀልባ ስፋቱ ከ2 ሜትር ብዙም የማይበልጥ ሲሆን ርዝመቱ ግን እስከ 22 ሜትር ይደርሳል፡፡ የቦዩ ስፋት በብዙ ስፍራ የረጅሙን ጀልባ ግማሽ ያህል ብቻ ነው፡፡ ስለዚህ ጀልባው ባሰበበት ቦታ ሁሉ መዞር አይችልም፡፡ መታጠፊያውን ያለፈ የመኪና አሽከርካሪ ጥቂት ደቂቃዎችን ቢያባክን ነው፡፡ መዞሪያውን ያለፈ ጀልበኛ ግን በእግር ጉዞ ፍጥነት ወደሚቀጥለው መዞሪያ መሄድ አለበት፡፡ ይህም ሰዓታት ሊወስድ፣ አንዳንዴም ሙሉ ቀን ሊፈጅ ይችላል፡፡

የቦይ መረብ ሲነሳ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ርዝመቱ፣ ድልድዮቹና ዋሻዎቹ ናቸው፡፡ ቦዩን በትክክል አገልግሎት ላይ የሚያውሉት ግን በመካከል በመካከል የሚገኙት መዞሪያዎችና የአገልግሎት ጣቢያዎች ናቸው፡፡ የእነዚህ ርቀት ሲበዛ ወይም ከመካከላቸው አንዱ ሲዘጋ፣ ውኃው በቦታው ቢኖርም መንገዱ ለተጓዡ ዋጋ ያጣል፡፡ በእንግሊዝና በዌልስ ቦዮች ላይ ዛሬ የሚደረገው ክርክር አንዱ መነሻም ይኸው ነው፡፡

ጀልባው ለምን ቀጭንና ረጅም ሆነ?

የዘመናዊዎቹ የእንግሊዝ ቦዮች ታሪክ ከድንጋይ ከሰል ጋር የተያያዘ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1761 ሥራ የጀመረው የብሪጅዎተር ቦይ በወርስሊ ከሚገኝ የከሰል ማውጫ ወደ ማንቸስተር አቅጣጫ ከሰል ለማመላለስ የተቆፈረ ነበር፡፡ በዚህ ቦይ ሥራ ስሙ የገነነው ኢንጂነር ጄምስ ብሪንድሊ ቀጥሎ የተለያዩ የአገሪቱን ወንዞች በቦይ የማገናኘት ዕቅድ ውስጥ ገባ፡፡ በጥርጊያ መንገድ ላይ በጋሪ ጥቂት ዕቃ ብቻ የሚጎትት አንድ ፈረስ፣ በውኃ ላይ ሲሆን 25 ቶን ገደማ የጫነ ጀልባ መሳብ ይችላል፡፡ ይህ ልዩነት የፋብሪካዎችን ወጪ ለወጠው፡፡

ችግሩ እንግሊዝ ሜዳ ብቻ አለመሆኗ ነበር፡፡ ጀልባ ኮረብታ ለመውጣትና ለመውረድ ሎክ ያስፈልገዋል፡፡ ሎክ ማለት በሁለቱም ጫፍ በር ያለው በግንብ የታጠረ የውኃ ክፍል ነው፡፡ ጀልባው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ውኃ ሲለቀቅበት ከፍ ይላል ወይም ውኃው ሲቀነስ ዝቅ ይላል፡፡ እያንዳንዱ ሎክ በተከፈተ ቁጥር ብዙ ውኃ ወደ ታች ይፈሳል፡፡ ሰፊ ሎክ ብዙ ውኃና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል፡፡ ስለዚህ በመካከለኛው እንግሊዝ በተሠሩት ቦዮች ላይ ሎኮቹ 2.1 ሜትር ገደማ ስፋትና 22 ሜትር ገደማ ርዝመት እንዲኖራቸው ተደረገ፡፡ ጀልባውም በዚሁ ልክ ተሠራ፡፡ ዛሬ በመዝናኛ ጉዞ የምናየው ቀጭን ጀልባ መልኩን ያገኘው ከ250 ዓመት በፊት ውኃና ገንዘብ ለመቆጠብ ከተወሰነው የሎክ ልኬት ነው፡፡

ባቡር ከመጣ በኋላ ቦዮቹ ቀስ በቀስ ገበያቸውን አጡ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1948 አብዛኞቹ ወደ መንግሥት ይዞታ ገቡ፡፡ የጭነቱ ሥራ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሊጠፋ ሲቃረብ የመዝናኛ ጀልባው ቦታውን ተረከበ፡፡ ለዚህ ለውጥ ከፍተኛ ድርሻ ያለው እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመው የአገር ውስጥ የውኃ መንገዶች ማኅበር ነው፡፡ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ቶም ሮልት ከሁለት ዓመት በፊት በጀልባ ስለመኖርና ስለመጓዝ ያሳተመው መጽሐፍ ብዙ አንባቢ አግኝቶ ነበር፡፡ ጭነቱ ቀርቶ ሰው ሲተካ ግን ቦዩ የሚጠየቀው አገልግሎትም ተለወጠ፡፡ ከሰል ውኃ አይጠጣም፣ መጸዳጃ ቤትም አያስፈልገውም፡፡

መዞሪያው እንዴት ይሠራል?

መዞሪያ በቦዩ አንድ ዳር ተቆፍሮ የሰፋ ቦታ ነው፡፡ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ማዕዘን ቅርፅ ያለው ሲሆን፣ የሚገኘውም ፈረሶች ጀልባ እየጎተቱ ከሚሄዱበት መንገድ በተቃራኒው ዳርቻ ነው፡፡ ጀልበኞቹ «ዊንዲንግ ሆል» ይሉታል፡፡ የስሙ የመጀመሪያ ክፍል የሚነበበው በእንግሊዝኛ ነፋስ የሚለው ቃል እንደሚነበበው ነው፡፡ የቀድሞዎቹ ጀልበኞች ሞተር ሳይኖራቸው ረጅሙን ጀልባ ሲያዞሩ ነፋሱን ይጠቀሙበት ስለነበር ነው የሚሉ አሉ፡፡ ስለ ስሙ አመጣጥ ክርክር ቢኖርም በሥራው ላይ ግን ነፋስ ዛሬም ወሳኝ ነው፡፡ ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ የተንሳፈፈ ረጅም የብረት ጀልባ ጎኑን ለነፋስ ሲሰጥ እንደ ሸራ ይገፋል፡፡

አዟዟሩ እንዲህ ነው፡፡ መሪ የያዘው ሰው ፍጥነቱን ቀንሶ የጀልባውን አፍንጫ ወደ ሰፊው ቦታ ያስገባል፡፡ አፍንጫው በመዞሪያው ጫፍ ካለው ለስላሳ ጭቃ ጋር ሲነካካ፣ መሪውን ሙሉ በሙሉ አጥፎ ሞተሩን ወደፊት ያሠራዋል፡፡ ከኋላ ያለው ፕሮፔለር የሚገፋው ውኃ በመሪው እየተመታ የጀልባውን ኋላ በቦዩ ስፋት ላይ ቀስ እያለ ያሽከረክረዋል፡፡ ኋላው ግማሽ ክብ ሠርቶ ሲጨርስ ሞተሩ ወደኋላ ይደረግና አፍንጫው ከመዞሪያው ይወጣል፡፡ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ኋላውን ነው፡፡ ዳርቻው ጥልቀት የሌለው ስለሆነ ፕሮፔለሩና መሪው ድንጋይ ከመቱ ጉዞው እዚያው ሊያበቃ ይችላል፡፡ ስለዚህ ወደ መዞሪያው የሚገባው አፍንጫው እንጂ ኋላው አይደለም፡፡

«መዞሪያ ካጣሁ ወደኋላ እየነዳሁ እመለሳለሁ» የሚል ሰው ቢኖር ብዙ አይሄድም፡፡ የእነዚህ ጀልባዎች መሪ የሚታዘዘው ፕሮፔለሩ ውኃ ሲገፋበት ነው፡፡ ወደኋላ ሲኬድ ውኃው የሚገፋው በሌላ አቅጣጫ ስለሆነ መሪው ከሞላ ጎደል ሥራ ያቆማል፡፡ ጀልባው ወደፈለገበት ዳር ይሄዳል፡፡ ጥቂት መቶ ሜትር በገመድና በረጅም እንጨት እየተጋዙ መመለስ ይቻል ይሆናል፤ ኪሎ ሜትሮችን ግን አይታሰብም፡፡

ሁሉም መዞሪያ ለሁሉም ጀልባ አይሆንም፡፡ አንዳንዱ 22 ሜትር ለሆነው ሲበቃ፣ ሌላው 15 ሜትር የሆነውን ብቻ ያዞራል፡፡ ለዚህ ነው የመንገደኛ መመሪያ መጻሕፍት የመዞሪያውን መኖር ብቻ ሳይሆን የሚችለውን ርዝመት መጠቆማቸው የሚጠቅመው፡፡ በተጨማሪ መዞሪያዎች ውኃው የማይንቀሳቀስባቸው ማዕዘኖች በመሆናቸው ደለል ይሰበሰብባቸዋል፡፡ በወረቀት ላይ ለረጅም ጀልባ የተፈቀደ መዞሪያ ለዓመታት ካልተጠረገ ረጅሙን ጀልባ ጭቃ ላይ ያስቀምጠዋል፡፡ በመዞሪያ ላይ ጀልባ አስሮ ማቆም ነውር የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ አንድ ሰው ለምሳ ያሰረው ጀልባ የሌላውን የቀን ዕቅድ ያበላሻል፡፡

መዞሪያና አገልግሎት ለምን ተቀራረቡ?

ካርታውን ያስተዋለ ሰው መዞሪያዎቹ በእኩል ርቀት እንዳልተደረደሩ ይረዳል፡፡ አንዳንድ ቦታ ላይ ተቀራርበው፣ ሌላ ቦታ ላይ ለረጅም መንገድ ጠፍተው ይገኛሉ፡፡ ይህም የንግዱ ታሪክ ውጤት ነው፡፡ ጀልባ የሚዞረው ጭነቱን ካራገፈ በኋላ ነበር፡፡ ስለዚህ መዞሪያዎች የተቆፈሩት ከዕቃ ማራገፊያዎች፣ ከኖራ ማቃጠያ ምድጃዎች፣ ከከሰል ማውጫዎችና ከወፍጮ ቤቶች አጠገብ ነው፡፡ የፈረስ ጋጣውና መጠጥ ቤቱም እዚያው ነበር፡፡

ጭነቱ ሲቀር እነዚያ የማራገፊያ ሥፍራዎች መንገድ የሚያገኛቸውና መሬት ያላቸው ቦታዎች ስለሆኑ ብዙዎቹ ወደ ጀልባ ኪራይ ድርጅትነት፣ ወደ ማቆሚያነትና ወደ አገልግሎት ጣቢያነት ተለወጡ፡፡ ዛሬ በአንድ ቦታ ላይ መዞሪያ፣ የውኃ ቧንቧና መጠጥ ቤት ተጎራብተው ሲታዩ አጋጣሚ አይደለም፡፡

የአገልግሎት ጣቢያው የሚያሟላቸው ነገሮች የጀልባ ኑሮን ወሰን ያሳያሉ፡፡ የመጀመሪያው ውኃ ነው፡፡ በጀልባው ውስጥ ያለው ማጠራቀሚያ ብዙውን ጊዜ ጥቂት መቶ ሊትር ይይዛል፡፡ ገላ የሚታጠቡና ዕቃ የሚያጥቡ አራት ሰዎች ካሉበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልቃል፡፡ በረጅም የውኃ ጎማ ማጠራቀሚያውን መሙላት እንደ ቧንቧው ግፊት እስከ አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል፡፡

ሁለተኛው መጸዳጃ ቤቱ ነው፡፡ ሁለት ዓይነት አለ፡፡ አንዱ በእጅ ተነቅሎ የሚወጣ 20 ሊትር ገደማ የሚይዝ ሣጥን ያለው ሲሆን፣ ይህ በየጥቂት ቀኑ በጣቢያው ባለ ልዩ መድፊያ ላይ ይገለበጣል፡፡ መድፊያውን ጀልበኞች በቀድሞ አምራቹ የንግድ ስም «ኤልሳን» ይሉታል፡፡ ሌላው ከጀልባው ወለል ሥር ትልቅ ማጠራቀሚያ ያለው ነው፡፡ ይህኛው ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ ሲሞላ ግን በእጅ የሚሆን ነገር የለም፤ የመምጠጫ መሣሪያ ያለበት ጣቢያ ድረስ መሄድ ግድ ይላል፡፡ ከዕቃ ማጠቢያና ከመታጠቢያ የሚወጣው ውኃ በአብዛኛው ወደ ቦዩ ይለቀቃል፡፡ የመጸዳጃ ፍሳሽን ወደ ቦዩ መልቀቅ ግን ክልክል ነው፡፡

ከእነዚህ በተጨማሪ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ መታጠቢያ ቤትና ልብስ ማጠቢያ ይገኛል፡፡ ናፍጣ፣ የጋዝ ሲሊንደርና የክረምት ከሰል የሚሸጡት የግል ማቆሚያዎችና በቦዩ ላይ እየተንቀሳቀሱ የሚነግዱ ጀልባዎች ናቸው፡፡ የአስተዳዳሪው ድርጅት ጣቢያዎች አብዛኞቹ የሚከፈቱት ጀልበኞች ሁሉ በሚይዙት አንድ ዓይነት ቁልፍ ነው፡፡ በደቡብ የተገዛው ቁልፍ በሰሜንም ይከፍታል፡፡

አሁን ርቀቱን በሰዓት እንቁጠረው፡፡ ከፍተኛው የተፈቀደ ፍጥነት በሰዓት 6.4 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የታሰሩ ጀልባዎችን ላለመናጥና ዳርቻውን ላለመሸርሸር ሲባል በተግባር የሚኬደው 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው፡፡ እያንዳንዱ ሎክ ወረፋ ባይኖርም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል፡፡ በቀን ስድስት ሰዓት የሚጓዝ ቤተሰብ፣ ስምንት ሎኮች ካጋጠሙት፣ ከ20 እስከ 22 ኪሎ ሜትር ቢሸፍን ነው፡፡ በመንገድ ካርታ ላይ ቅርብ የሚመስለው «15 ኪሎ ሜትር ወደፊት» ለጀልበኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው ማለት ነው፡፡

የላንጎለን ቦይ፡ መውጫው አንድ ብቻ የሆነ መንገድ

ይህ ሁሉ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚታየው ከሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ተነስቶ ዌልስ ውስጥ በሚያልቀው የላንጎለን ቦይ ላይ ነው፡፡ ቦዩ ከ65 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ሲኖረው፣ ከሌላው የቦይ መረብ ጋር የሚገናኘው ቼሻየር ውስጥ በምትገኘው ሃርልስተን ላይ ብቻ ነው፡፡ በመንገዱ ላይ ፍራንክተን ከተባለ ቦታ ወደ ደቡብ የሚገነጠለው የሞንትጎመሪ ቦይ በከፊል ብቻ የተጠገነ በመሆኑ ወደሌላ መረብ አያወጣም፡፡ ስለዚህ ወደ ላንጎለን የሄደ ጀልባ ሁሉ በሄደበት መንገድ መመለስ አለበት፡፡ ለመመለስ ደግሞ መዞር አለበት፡፡

ከሃርልስተን የሚነሳ ጀልባ ወዲያው አራት ሎኮች ይጠብቁታል፡፡ ቀጥሎ የሬንበሪን ተነሺ ድልድይ አልፎ ግሪንድሊ ብሩክ ይደርሳል፡፡ እዚህ ስድስት ሎኮች አሉ፤ ሦስቱ እንደ ደረጃ እርስ በርሳቸው የተቀጣጠሉ ናቸው፡፡ የላይኛው ሎክ በር ለሚቀጥለው የታችኛው በር ስለሆነ በመካከል ቆሞ መተላለፍ አይቻልም፡፡ በበጋ ወራት ወረፋው ይበዛል፡፡ የአገልግሎት ጣቢያም እዚሁ በመኖሩ ጀልበኞች የጥበቃውን ሰዓት ውኃ ለመሙላትና ቆሻሻ ለመጣል ያውሉታል፡፡

ከዊትቸርች አካባቢ ወዲያ ያለው መንገድ ረጅምና ሎክ የሌለበት ነው፡፡ ኤልስሚር ላይ ከዋናው ቦይ የተገነጠለ አጭር ቅርንጫፍ ወደ ከተማው ይገባል፡፡ በጫፉ ላይ መዞሪያ፣ በአጠገቡም ሱፐርማርኬት አለ፡፡ የአገልግሎት ጣቢያውም ቅርብ ነው፡፡ አንድ ሳምንት የተከራየ ቤተሰብ ጊዜ እንደማይበቃው ከተረዳ ሳይቸገር የሚመለስበት ቦታ ይህ ነው፡፡ ከዚያ ወዲያ ሁለቱ የኒው ማርተን ሎኮች ይቀራሉ፤ እስከ ላንጎለን ሌላ ሎክ የለም፡፡

ከሎክ ይልቅ እዚህ የሚያስቸግረው ጥበቱ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1801 የተጠናቀቀው የችርክ የውኃ ድልድይና ወዲያው የሚከተለው 421 ሜትር ርዝመት ያለው ዋሻ በአንድ ጊዜ አንድ ጀልባ ብቻ ያሳልፋሉ፡፡ ከፊት የሚመጣ መብራት ካለ መጠበቅ እንጂ መግባት አይቻልም፡፡ ቀጥሎ የሚመጣው ታዋቂው የፖንትክሲልቴ የውኃ ድልድይ ነው፡፡ በቶማስ ቴልፎርድና በዊልያም ጄሶፕ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1805 የተከፈተው ይህ ድልድይ 307 ሜትር ይረዝማል፤ ከዲ ወንዝ በላይ ከፍታው 38 ሜትር ገደማ ነው፡፡ ጀልባው የሚያልፈው በብረት ገንዳ ውስጥ ነው፡፡ የእግረኛው መንገድ ባለበት በኩል አጥር አለ፤ በሌላው በኩል ግን ከገንዳው ጠርዝ ሌላ የሚከልል ነገር የለም፡፡ ድልድዩና በዙሪያው ያለው 18 ኪሎ ሜትር የቦይ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2009 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፡፡

ድልድዩን እንደተሻገሩ ትሬቨር ላይ መንገዱ ይከፈላል፡፡ ቀጥ ያለው አጭር ቅርንጫፍ ሲሆን፣ ወደ ላንጎለን የሚሄደው በጠባብ ማዕዘን ወደ ግራ ይታጠፋል፡፡ ቀጥ ያለው መስመር መጀመሪያ ወደ ሰሜን ሊቀጥል ታስቦ ሳይሠራ የቀረው ዋና መንገድ ነበር፡፡ ዛሬ የጀልባ ማቆሚያና መዞሪያ ሆኗል፡፡ ብዙዎች ድልድዩን አይተው የሚመለሱት ከዚህ ነው፡፡

ወደ ላንጎለን የሚቀረው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ከቦዩ ሁሉ አስቸጋሪው ነው፡፡ ይህ ክፍል በመጀመሪያ የታሰበው በዋናነት ከዲ ወንዝ ውኃ ለማምጣት ስለነበር ጠባብና ጥልቀት የሌለው ነው፡፡ ሁለት ጀልባዎች የማይተላለፉባቸው ረጃጅም ቦታዎች ስላሉ፣ ከጀልባው አንድ ሰው ወርዶ በእግሩ ቀድሞ ሄዶ መንገዱ ነፃ መሆኑን ያያል፡፡ ውኃውም እንደሌሎች ቦዮች የቆመ አይደለም፤ ከላይ ወደታች ይፈሳል፡፡ ወደ ላይ የሚሄድ ጀልባ ሞተሩ እያጓራ ይንፏቀቃል፤ ሲመለስ ግን ውኃው ይገፋዋል፡፡

ላንጎለን ከተማ ጫፍ ላይ ለጀልባዎች የተቆፈረ ገንዳ አለ፡፡ የውኃ ቧንቧና ኤሌክትሪክ ያላቸው የማሰሪያ ቦታዎች አሉት፤ የሚዞረውም እዚሁ ነው፡፡ ከገንዳው አልፎ በሞተር መሄድ ተከልክሏል፡፡ የቀረውን 3 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄዱት በፈረስ የሚጎተቱ የጎብኚ ጀልባዎች ናቸው፡፡

አንድ ቦታ ሲበጠስ

መውጫው አንድ ብቻ በሆነ ቦይ ላይ አንድ ብልሽት ምን እንደሚያስከትል ታሪኩ ራሱ ያስረዳል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣ ሕግ ቦዩ ለጀልባ ጉዞ እንዲዘጋ ፈቅዶ ነበር፡፡ በመስከረም 1945 ደግሞ ከላንጎለን በታች የቦዩ ዳርቻ ተደርምሶ የወጣው ውኃ ከሥሩ ያለውን የባቡር ሐዲድ መሠረት ጠርጎ ወሰደ፡፡ ይህን ሳያውቅ የመጣ ባቡር ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፡፡

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቦይ ተደፍኖ መቅረቱ የተለመደ ነበር፡፡ የላንጎለን ቦይ የዳነው በመጠጥ ውኃ ምክንያት ነው፡፡ በቦዩ ራስ ላይ ቴልፎርድ በሠራው የሆርስሹ ፎልስ ግድብ በኩል ከዲ ወንዝ የሚገባው ውኃ እስከ ሃርልስተን ማጠራቀሚያ ድረስ ይጓዛል፡፡ መጠኑ በቀን 50 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ሲሆን፣ ተጣርቶ ለቼሻየር ነዋሪዎች ይደርሳል፡፡ ቦዩ ተጠግኖ የቆየው ለጀልባ ሳይሆን ለቧንቧ ውኃ ነው፡፡ ጀልበኞች ወደ ላይ ሲሄዱ የሚያማርሩበት ያ የውኃ ፍሰት ቦዩን ከመደፈን ያተረፈው ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2025 በዚሁ ቦይ ላይ ዊትቸርች አጠገብ ዳርቻው እንደገና ተደረመሰ፡፡ ውኃው በአንድ ጊዜ ወጥቶ ጉድጓድ ሲከፈት ጀልባዎች ወደ ውስጥ ወደቁ፤ ሌሎችም ደረቅ ወለል ላይ ቀሩ፡፡ ተሳፍረው የነበሩት ሰዎች በሕይወት ወጡ፡፡ ከስብራቱ በላይ በዌልስ አቅጣጫ የነበሩ ጀልባዎች ግን ወደ ዋናው መረብ የሚያወጣቸው ሌላ መንገድ አልነበራቸውም፡፡ እንዲህ ባለ ጊዜ ለቀሩት ሰዎች የቀን ተቀን ጥያቄው የአገልግሎት ጣቢያው ከስብራቱ በየትኛው ወገን ነው የሚለው ይሆናል፡፡

ለጎብኚው ዕረፍት፣ ለነዋሪው ኑሮ

ለአንድ ሳምንት ለተከራየ ቤተሰብ የተዘጋ የውኃ ቧንቧ የዕረፍት ቀን ያበላሽበታል፡፡ ጀልባቸው ቤታቸው ለሆነ ሰዎች ግን ጉዳዩ ከዚህ ይከብዳል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ሕግ ቋሚ ማሰሪያ የሌለው ጀልባ በእውነት ተጓዥ እስከሆነ ድረስ ፈቃድ እንዲያገኝ ይፈቅዳል፡፡ በአንድ ቦታ ላይ ግን በተለምዶ ከ14 ቀናት በላይ መቆየት አይችልም፡፡ የቤት ኪራይ በናረባቸው ከተሞች፣ በተለይም በለንደን፣ በዚህ ሁኔታ የሚኖሩ ሰዎች ቁጥር በእጅጉ ጨምሯል፡፡ ካምደን ወይም ፓዲንግተን አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን በየዕለቱ የሚያልፏቸው በመስመር የታሰሩ ጀልባዎች ብዙዎቹ መኖሪያ ቤቶች ናቸው፡፡ በዚያ የሚገኘውና ሦስት የውኃ መንገዶች የሚገናኙበት የሊትል ቬኒስ ሦስት ማዕዘን ኩሬ በከተማው መካከል ረጅም ጀልባ ሊዞርባቸው ከሚችሉ ጥቂት ሰፋፊ ቦታዎች አንዱ ነው፡፡

እንዲህ ያለው ነዋሪ ሕጉን ለማክበር ይንቀሳቀሳል፤ ሲንቀሳቀስ ግን የሚያሰላው ከሥራ ቦታው ወይም ከልጁ ትምህርት ቤት ያለውን ርቀት ብቻ አይደለም፡፡ የመጸዳጃውን ሣጥን በእጁ ተሸክሞ ወይም በጋሪ ገፍቶ ጥቂት መንገድ መውሰድ ይችላል፡፡ 500 ሊትር ውኃ ግን ተሸክሞ አይመጣም፡፡ ቧንቧው ከተበላሸ ቤቱን ራሱን ይዞ ወደሚቀጥለው መሄድ አለበት፡፡ ከዚያ ለመመለስ ደግሞ መዞሪያ ያስፈልገዋል፡፡ አንድ ቧንቧ ለአንድ ወር መዘጋቱ በበጀት ሰነድ ላይ ጥቃቅን ነገር ነው፤ በክረምት ሕፃን ለያዘች እናት ግን አይደለም፡፡

እነዚህን ቦዮች የሚያስተዳድረው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012 ከመንግሥት ድርጅት የተረከበው የቦይና ወንዝ ትረስት የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው፡፡ በኃላፊነቱ ሥር በእንግሊዝና በዌልስ 3,200 ኪሎ ሜትር ገደማ የውኃ መንገድ አለ፡፡ ገቢው ከንብረትና ከኢንቨስትመንት፣ ከጀልባ ፈቃድ ክፍያ፣ ከልገሳና ከመንግሥት ድጎማ የተውጣጣ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2023 መንግሥት ከ2027 እስከ 2037 ላሉት አሥር ዓመታት ከ400 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንደሚሰጥ አስታውቋል፡፡ ድርጅቱ በበኩሉ የዋጋ ንረት ሲታሰብ ይህ ከቀድሞው ድጎማ ከፍተኛ ቅናሽ ያለው መሆኑን ገልጿል፡፡ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮም ቋሚ ማሰሪያ የሌላቸው ጀልባዎች በፈቃድ ክፍያቸው ላይ ጭማሪ እንዲከፍሉ ተደርጓል፡፡ እነዚህ ጀልበኞች የሚያነሱት ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ክፍያው ሲጨምር ቧንቧው፣ መድፊያውና የመዞሪያው ጠረጋ አብረው ይጨምራሉ ወይ?

የድርጅቱም ችግር ቀላል አይደለም፡፡ ከ200 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ዳርቻዎች፣ ግድቦችና ዋሻዎች ሲደረመሱ የሰው ሕይወት ሊጠፋ ስለሚችል ቅድሚያ ማግኘታቸው ተገቢ ነው፡፡ ገንዘቡ የተወሰነ ሲሆን ግን የሚዘገየው ማንም የማያየው ሥራ ይሆናል፡፡ የፖንትክሲልቴን ድልድይ ጎብኚ ሁሉ ፎቶግራፍ ያነሳዋል፡፡ በመዞሪያ ማዕዘን ላይ የተኛውን ደለል የሚያውቀው ግን 18 ሜትር ጀልባ ይዞ መሃል ቦይ ላይ በአግድም የቀረው ሰው ብቻ ነው፡፡

ለሚጓዝ ሰው

በእነዚህ ቦዮች ላይ ለመጓዝ የሚያስብ ሰው ከመነሳቱ በፊት ጥቂት ነገሮችን ቢያጣራ ይጠቀማል፡፡ አስቀድሞ የጀልባውን ትክክለኛ ርዝመት ይወቅ፡፡ 17 ሜትር ገደማ የሆነ ጀልባ የአገሪቱን ቦዮች አብዛኞቹን ሊያዳርስ ይችላል፤ ከዚያ የረዘመ ጀልባ የያዘ ሰው መዞሪያዎቹን አንድ በአንድ መመርመር አለበት፡፡ ቀጥሎ ጉዞውን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓትና በሎክ ብዛት ያስላ፡፡ የመጨረሻውን መመለሻ መዞሪያ ካርታው ላይ ምልክት አድርጎ፣ ከእርሱ በፊት ያለውንም በመጠባበቂያነት ይያዝ፡፡ ውኃ ሲያልቅበት ሳይሆን ቧንቧ ባገኘ ቁጥር ይሙላ፡፡ የአስተዳዳሪው ድርጅት ስለተዘጉ መንገዶችና ስለተበላሹ ጣቢያዎች የሚያወጣውን ማስታወቂያም በየጠዋቱ ይመልከት፡፡ ከ2025 ወዲህ ወደ ላንጎለን ለሚያስብ ሰው ይህ የመጨረሻው ምክር መጀመሪያ ሊሆን ይገባዋል፡፡

ቦዮቹን የቆፈሩት ሰዎች መዞሪያውን ከማራገፊያው አጠገብ ያደረጉት ለውበት አልነበረም፡፡ ያራገፈ ጀልባ በቶሎ ተመልሶ ሌላ ጭነት ካላመጣ ቦዩ ወጪውን እንደማይመልስ ያውቁ ነበር፡፡ ጭነቱ ዛሬ ሰው ቢሆንም ስሌቱ አልተለወጠም፡፡ የዛሬዎቹ አስተዳዳሪዎች በጀታቸውን ሲደለድሉ ከትልልቆቹ ድልድዮች ጎን ለጎን ቧንቧዎቹንና መዞሪያዎቹንም መቁጠር ይኖርባቸዋል፡፡